ዝናብ በሚለመንበት አገር ጥርት ያለ ሰማይ ፍለጋ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በሁለት ሳጥኖች ነው፤ በአንዱ ቴሌስኮፕ፣ በሌላው እንደ ፊልም ፎቶ የሚቀረጽባቸው መስታወቶች ይዤ። አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ፣ የገጠር መሬት አዋጅ በሬዲዮ በተነገረ ሰሞን ነበር። ጓደኞቼ "አገር ሲገለባበጥ አንተ ሰማይ ልታይ ትሄዳለህ?" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔ ጋላክሲዎች እንዴት ተወልደው እንዴት እንደሚያረጁ አጠናለሁ፤ በአንበሳው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያሉትን በዚህ በልግ ፎቶ ካላነሳኋቸው ጥናቴ ለከርሞ ያድራል። የአዲስ አበባን ሰማይ መብራትና ጭስ ይጋርደዋል። ምዕራብ ወሎ ግን ከፍ ያለ፣ ደመና የራቀው አገር ነው ተብያለሁ።

ከደሴ ወደ አቀስታ

ከደሴ የተሳፈርኩት የእርዳታ ስንዴ በጫነ መኪና ነው። ሾፌሩ ሳጥኖቼን እያገላበጠ "ይበላል?" አለኝ።

"አይበላም።"

"ወሎ የማይበላ ነገር ስጭን ዘንድሮ የመጀመሪያዬ ነው" ብሎ ጋቢና አስገባኝ።

አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻይና ቅቅል ድንች አግኝተን ተሻማን። ከዚያ ወዲያ በመንገዱ ግራና ቀኝ የታረሰ ማሳ ነው፤ ደርቆ አቧራው ይቦናል። ረሀቡ አልፏል ሲባል ሰምቼ ነበር። ይህን ማሳ ሳይ፣ በልጉ ከቀረ ተመልሶ እንደሚመጣ ገባኝ።

መካነ ሰላም

ያረፍኩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኮረብታ ላይ ካለው የሸህ ይመር ቤት ነው። ሸሁ ረጅም፣ ቀልድ ወዳድ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያውን ምሽት መሣሪያዬን በማስተካከል ጨረስኩት፤ አንዷን ጋላክሲ ግን አሳየኋቸው።

"ይቺ የጥጥ ብናኝ ናት ይህን ሁሉ መንገድ ያስመጣችህ?"

"ብናኟ እልፍ አእላፍ ኮከብ ናት፣ ሸሁ። ጋዝ እስካላት አዲስ ኮከብ ትወልዳለች፤ ጋዙ ሲያልቅባት መውለድ ታቆምና ታረጃለች።"

"እንደኛ ማሳ በላታ" አሉ። "ነገ ለዝናብ ዱዓ አለን፤ እንግዳም አይቀርም።"

በማግስቱ እስላሙም ክርስቲያኑም ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። በእነሱ ወግ እያንዳንዱ ሰው ሐጃውን፣ ማለት ልመናውን፣ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሸሁ ይመርቃሉ፣ ሕዝቡ "አሚን" ይላል። ሐጃውን የደበቀ ሰው ክፉ አስቧል ይባላል። ሁሉም ዝናብ ለመነና ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ "ሰማዩ ይጥራልኝ" ልል አፌን ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። በክፉው ቀን ሳይበሉ ያቆዩትን የዘር ገብስ፣ እንዲመረቅላቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል።

"ዝናብ" አልኩ።

ሸህ ይመር ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ዱዓ ላይ አይዋሽም። ያንተ ሐጃ ሌላ ነው።"

"ትናንት ሌላ ነበር፣ ሸሁ። ዛሬ ይኸው ነው።"

"አላህ ሐጃህን ያውጣልህ" አሉ። የሕዝቡ "አሚን" ጆሮዬን አደነቆረው።

ጀምበር ስትጠልቅ ቴሌስኮፑን እንደደገንኩ ደመናው ከምዕራብ ተግተልትሎ መጣ። መስታወቶቼን አቅፌ ወደ ቤት ስሮጥ ዝናቡ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ሸሁ ደጃፋቸው ላይ ቆመው በሳቅ ይፈርሳሉ።

"እኛ ስንለምን ከርመን እምቢ ያለ፣ ላንተ በአንድ ቀን ደረሰ። ምነው ቀደም ብለህ በመጣህ!"

እኔም ሳቅሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚያ በሰነበትኩበት ጊዜ ሁሉ ሰማዩ አልተከፈተም። ሰዉ ገብሱን ዘራ፤ እኔም ጭቃ ለጭቃ እየተንሸራተትኩ ዘር አቀበልኩ። ስሰናበት ሸሁ "ከርሞ ና፤ እኛ እንጠግብና ዱዓው ላንተ ብቻ ይሆናል" አሉኝ።

አዲስ አበባ

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የክፍላችን ኃላፊ ገና ሳልቀመጥ "ስንት ፎቶ አመጣህ?" አሉ።

"አንድም። ሲዘንብ ሰነበተ።"

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ብድግ አሉ። "ወሎ? ዘነበ? ሰዉ ዘራ?"

"ዘራ።"

"ተመስገን" ብለው ተቀመጡ፤ ስለ ጋላክሲዎቹ የጠየቁኝ በሳምንቱ ነው። የጋላክሲ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ሚሊዮን ዓመታት ይጓዛል፤ አንድ ዓመት ቢጠብቀኝ አይጎዳም። ገብስ ግን አይጠብቅም፤ ከጉዞዬ የተማርኩት ይህን ነው።