የእናቴ ገመድ

ባለፈው ኅዳር ዲላ መግቢያ ላይ ቀይ እሸት ቡና የጫነች አሮጌ ፒክአፕ አጠገቤ ቆማ፣ የኮመጠጠ የቡና ጭማቂ ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ ሽታዋ በመኪናዬ መስኮት ሲገባ ጥርሴን ነከስኩ። ሥራዬ ዘጋቢነት ነው፤ በቀላሉ አልቆጣም። ይህ ሽታ ግን ሁልጊዜ ያስቆጣኛል።

በልጅነቴ ቡና በቀላ ቁጥር አባቴ ከዱመርሶ ገበሬዎች እሸት ቡና እየሰበሰበ በፒክአፑ ወደ ቡና ማጠቢያው ያመላልስ ነበር። ኋላው ሲሞላ የተረፉትን ጆንያዎች ከፊት፣ በእሱ፣ በእናቴና በእኔ እግር ሥር ይጭናቸው ነበርና ጭማቂው እየፈሰሰ ወለሉን ሁሉ ያጣብቀው ነበር። የነዳጁ ፔዳል ተረግጦ ከወረደ በኋላ አልመለስ ማለት የጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። አባቴ ሞላውን ቀየረ፣ የነዳጁን ሽቦ ቀየረ፣ አልሆን ሲለው ፔዳሉ ላይ የእንሰት ቃጫ ገመድ አስሮ ጫፉን መሃል ለምትቀመጠው እናቴ ሰጣት። «ያዘ!» ብሎ ሲጮህ ጎንበስ ብላ ትስብ ነበር። ማጠቢያው ስንደርስ «ሁለተኛዋ ሾፌሬ ናት!» እያለ ሲያስተዋውቃት፣ ሠራተኞቹም «እትዬ፣ መንጃ ፈቃድዎ የታል?» እያሉ ሲስቁ፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ቡና ስለማይኖር በቆሎና ቆጮ እንጭን ነበር፤ ፔዳሉም አንድ ቀን እንኳ አይያዝም ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«አባዬ፣ ክረምት ላይ እኮ አይያዝም፤ ለምንድነው?» አልኩት።

«ብርድ ይስማማዋላ አስቴር፣ የኔ መካኒክ!» ብሎ ሳቀ። ጥያቄዬ እዚያው ቀረ።

በቀጣዩ ኅዳር፣ ወደ ማጠቢያው በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ተያዘ። እናቴ ገመዱን ሁለት ጣቶቿ ላይ ጠምጥማ ስትስብ፣ አባቴ ሞተሩን በማጥፋት ፋንታ ፔዳሉን ለማላቀቅ በጫማው ደጋግሞ ረገጠው፣ ገመዱም ጣቶቿን ይዞ ወረደ። መኪናዋ መንገድ ስታ እንሰት ማሳ ውስጥ ገባችና ግንዶቹን እየጣለች ሄዳ ቆመች። አባቴ ወርዶ መጀመሪያ ያየው የመኪናዋን አፍንጫ ነበር።

«የአስቴር እናት፣ ቶሎ ብትስቢ ኖሮ!» ብሎ ጮኸባት።

እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ «ይቅር በለኝ» አለችው።

መካኒኩ ጋሽ በድሩ የፔዳሉን መታጠፊያ በጣታቸው ነክተው አሸተቱት። «አቶ በየነ፣ ይኼ ምኑ ብልሽት ነው? የቡና ጭማቂ እኮ ነው! ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ በሙቅ ውሃ ቢያጥቡት ምን ነበረበት?» አሉና አንድ ጣሳ ሙቅ ውሃ አፍስሰው በብሩሽ ፈተጉት። ፔዳሉ ወርዶ ተመለሰ። አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ወደ እናቴ ግን ዘወር አላለም። ጣቶቿን ወጌሻ አሰራቸው፤ ሁለቱ ግን ከዚያ ወዲህ ታጥፈው አያውቁም።

አባቴ ዛሬም የገና ዕለት እንግዳ ሲመጣ የሁለተኛዋን ሾፌር ታሪክ ያወራል፣ እንግዶቹም ይስቃሉ። እኔ ከዚያን ቀን በኋላ በዚህ ታሪክ አልሳቅኩም። ዛሬ እናቴን ኢዲዶ፣ እህቷ ዘንድ የማደርሳት እኔ ነኝ፤ የመኪናዬ ፔዳልም ተይዞ አያውቅም። ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ግን እናቴ ጎንበስ ትልና በግራ እጇ ወለሉን ትዳብሳለች።

«እማዬ፣ ገመድ የለም እኮ» እላታለሁ።

«አውቃለሁ» ትለኛለች፤ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ግን እጇን አታነሳም።