የፎቶ ቤቱ የውኃ ሣር

አምሳሉን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም፤ ፎቶ አንሺ ነው። ለጉርድ ፎቶ የሚመጡ ልጆች መቀመጫው ላይ አልረጋ ሲሉት እጃቸውን ይዞ ዓሣ ወደሚያኖርበት የመስታወት ገንዳ፣ ወደ አኳሪየሙ ይወስዳቸዋል። ዓሣዎቹን ትክ ብለው እያዩ ሲረጉ፣ ያኔ ያነሣቸዋል። አኳሪየሙን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ጭኑ ላይ ታቅፎ ነው ያመጣው፤ እሱና ሚስቱ ምሥራቅ ልጅ እንደማይወልዱ ቁርጡን ያወቁ ሰሞን። ምሥራቅ ለምን ገዛህ ብላ አልጠየቀችውም። ገብቷታል።

ችግሩ መብራት ነበር። መብራት ሲሄድ ውኃውን የምታጣራው ትንሽ ሞተር ትቆማለች። አንድ ክረምት መብራቱ እንደጠፋ ሰነበተና ውኃው ደፈረሰ፣ ሸተተ፤ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ ሲከፍቱ ሰንብተው አብዛኞቹ አለቁ። ኋላ አምሳሉ ስልኩ ላይ ሲያነብ፣ ሕያው ተክል የዓሣውን ቆሻሻ እንደ ፍግ እየተመገበ ውኃውን እንደሚያጠራ ተረዳ። ጨሞጋ ወንዝ ወርዶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የውኃ ሣር ነቅሎ መጣ። አልቅት እንዳይኖርበት ደጋግሞ አጥቦ አሸዋው ውስጥ ተከለው። የመጀመሪያው አልያዘም፤ አኳሪየሙ ያለበት ጥግ ጨለማ ነበርና ቅጠሉ ሟሙቶ በሰበሰ። ወደ ትልቁ መስኮት ሥር አዛውሮ እንደገና ሲተክል ግን ያዘለት። ሞተሯን አውጥቶ ጣላት። ከዚያ ወዲያ መብራት ኖረም አልኖረ ውኃው ኩልል ያለ ሆነ። “ይኼ ሣር ከብርሃን ሌላ ምንም አይለምነንም” ይላታል ምሥራቅን።

እግሩ ማበጥ ሲጀምር ቆሞ ከመዋል ነው ብለው ዝም አሉት። ሐኪም ሲያየው ግን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው ተገኙ፤ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን መታጠብ ነበረበት። ባልና ሚስት ፎቶ ቤቱን ዘግተው እዚያ እህቱ ቤት እያደሩ እጥበቱን ይከታተሉ ጀመር። ሆስፒታሉ ውስጥ አብዱረዛቅ ከሚባል የደብረ ማርቆስ የጨርቅ ነጋዴ ጋር አልጋቸው ጎን ለጎን ሆነና፣ በአገራቸው ሰላምታ ብቻ የሚለዋወጡት ሰዎች እንደ ወንድም ሆኑ። አንዳንዴ ደጀን ላይ መንገድ ተዘግቷል ይባላሉ፤ አምሳሉ ፊቱ እንዳበጠ፣ ትንፋሹ እንዳጠረው ሳይታጠብ ይመለሳል። ቤታቸው ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያየው አኳሪየሙን ነው። ሰው ባይደርስለትም ውኃው ጥርት እንዳለ ይጠብቀዋል።

አንድ ጊዜ ምሥራቅ የሠርግ ፎቶ ማድረስ ነበረባትና ብቻውን ሄደ። ሲመለስ፣ ሐኪሙ ተሽሎሃል፣ ከእንግዲህ አልፎ አልፎ ይበቃሃል አለኝ አላት። ምሥራቅ ማመን ፈልጋ ስለነበር አመነች። ከዚያ በኋላ አምሳሉ ከሰዓቱን ሁሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በፎቶ መቁረጫው መቀስ የሣሩን የሞተ ቅጠል ሲቆርጥ ይውላል።

ብዙም ሳይቆይ አብዱረዛቅ ጠያቂ ሆኖ መጣ። ገና ከመቀመጡ፣ ምን ነካህና ቀረህ፣ ነርሷ ስትጠይቅህ ነበር አለው። አምሳሉ አንገቱን ደፋ። አብዱረዛቅም የማይነገር ነገር መናገሩ ገብቶት ብዙ ሳይቆይ ተነሥቶ ሄደ።

“ዋሸኸኝ” አለች ምሥራቅ።

“ዋሸሁሽ።”

“ለምን?”

“ደከመኝ፣ ምሥራቅ። ያጥቡኛል፣ መልሼ እቆሽሻለሁ። ለዓሣው የተገኘ መላ ለእኔ አልተገኘም። እዚሁ መስኮቴ ሥር፣ አንቺ ጎን ልሁን።”

ምሥራቅ እሺ አላለችም። አለቀሰች፣ ተለማመጠች፣ የንስሐ አባታቸውን አስጠርታ አስመከረችው። በመጨረሻ ለእሷ ሲል ብቻ እሺ አላት፤ ያኔ እግሩ አብጦ ጫማ እንኳ አይገባለትም ነበር። ማለዳ መኪና ተከራየች፤ ጎረቤት ደግፎ አስገባው። ሲወጡ ወደ ፎቶ ቤቱ መስኮት ዞሮ አየ። ደጀን ሳይደርሱ ራሱ ትከሻዋ ላይ ከበደ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደና ባርኔጣውን አወለቀ። የጭነት መኪኖች እያጓሩ ሲያልፉ ምሥራቅ የባሏን እጅ ይዛ ቁጭ አለች። ቤቴ ልሙት ያለውን ሰው፣ አስፋልት ዳር አመጣሁት ብላ አሰበች፤ ይህንን ሐሳብ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስጥላት አልቻለም።

ድንኳኑ ከፎቶ ቤቱ ፊት ተተከለ። የብረት መዝጊያው ወርዶ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ። ለቀስተኞቹ ቢሄዱም፣ ድንኳኑ ቢነቀልም ምሥራቅ መዝጊያውን አላነሣችም። እዚያ ቤት ምንም ዓይነት ነገር ማየት አልፈለገችም፤ ስለ ዓሣውም ሆነ ስለ ሣሩ አላሰበችም።

ከአርባው ማግሥት ከፈተችው። ሽታው ከበሩ ተቀበላት። ብርሃን ያጣው ሣር ጠቁሮ፣ ቀልጦ፣ ከአሸዋው ላይ ተኝቷል፤ ውኃው ጭቃ መስሏል፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ከብርሃን ሌላ አይለምነንም ያላት ትዝ አላት። በለቅሶው ጊዜ ሙሾ አውራጇ እንኳ ያላስወጣችው እንባ ያኔ ወጣ። ደንበኞች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መሐረቧን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ድምፅ አጥታ እስኪደክማት አነባች።

አብዱረዛቅ በሩን ክፍት አይቶ ገባ። አልጠየቃትም። እጅጌውን ሰብስቦ ውኃውን በባልዲ እየቀዳ ደጅ አፈሰሰ፣ አሸዋውን አወጣ፣ መስታወቱን አጠበ። ምሥራቅ ክንዱ ላይ ያበጠውን፣ መርፌ የሚገባበትን የደም ሥር አየችና ፊቷን አዞረች። ይሄ ሰው በሕይወት መኖሩን ልቧ ይቅር አላለውም፤ ደግሞ በዚህ አፈረች።

“እህቴ፣ ነገ ወደ አዲስ አበባ ነኝ” አላት ሲጨርስ። “ዓሣና ተክል ላምጣልሽ?”

አይሆንም አለችው፤ የመስታወቱን ገንዳም ከፈለገ እንዲወስደው ነገረችው። አብዱረዛቅ ተሸክሞት ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ ነበር።

“አብዱረዛቅ” አለችው። ዞረ።

“እጥበቱን አንድም ቀን እንዳትቀር።”

መስታወቱን በሁለት እጁ እንዳቀፈ ራሱን ነቀነቀ። እሷም ተነሥታ ጥቁሩን ጨርቅ ከመስኮቱ ታወርድ ጀመር።