ለሌለ ጥፋት ይቅርታ

ባለፈው ሳምንት፣ ዲቪ ደርሷት በቅርቡ አሜሪካ የመጣች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ የትራፊክ ክስ እንዳለባት ነገረችኝ። ለዳኛው የምትለውን የይቅርታ ቃል በእንግሊዝኛ እንዳሳምርላት ነበር የፈለገችው። «መጀመሪያ አጥፍተሻል ወይ?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሱን እንኳ አላውቅም» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። እኔም በሷ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ።

ጊዜው 2021 ነው። ኮቪድ ጋብ ብሎ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የተመለሱበት፣ የኦሃዮዋ ከተማ የኮሎምበስ ዛፎች ቀልተው ቅጠላቸውን ማርገፍ የጀመሩበት ሰሞን። ከከተማዋ ዳር፣ ሬይኖልድስበርግ፣ ጋሼ ታደሰ ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን ማለቴ ነው፣ ተከራይቼ እኖር ነበር። ጋሼ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው፣ ለፍተው ቤት የገዙ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቁ የተከበሩ ሰው ናቸው። እኔ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እሠራለሁ፤ እዚያ ድረስ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። መንጃ ፈቃዴ ከሄደ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የተማሪዎች አውቶቡስ ቀይ መብራቱን እያብለጨለጨ ቆሟል። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በወዲህ ሁለት፣ በወዲያ ሁለት መስመር አለው። ከፊቴ የነበሩት መኪናዎች አለፉ፣ እኔም ተከትዬ አለፍኩ። ብዙም ሳልርቅ የፖሊስ መብራት ከኋላዬ በራ። ፖሊሱ መስኮቴ ጋ ደርሶ አፉን ሳይከፍት «ሶሪ፣ ሶሪ» ማለት ጀመርኩ። ምን እንዳጠፋሁ አውቄ አይደለም። አስተዳደጌ ነው፤ እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲቆጣ መጀመሪያ ይቅርታ ይባላል፣ ጥፋቱ ኋላ ይፈለጋል።

ክሱ፣ ልጆች ለማውረድ ለቆመ የተማሪ አውቶቡስ አልቆመችም የሚል ነው። እንደ ሌላው ትኬት ኦንላይን ከፍለው የሚገላገሉት አይደለም፤ ዳኛ ፊት መቅረብ ግዴታ ነው፣ መንጃ ፈቃድም እስከ አንድ ዓመት ሊያሳግድ ይችላል። ለጋሼ ስነግራቸው የጎረሱትን ሽሮ እንኳ በቅጡ ሳይውጡ መከሩኝ። ጊልቲ፣ አጥፍቻለሁ በይ፣ አንገትሽን ድፊ፣ እንባ ከመጣልሽም አትያዢው አሉ። ጠበቃ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ነገሩን ዘጉት።

እኔ ግን ድርቅ ያልኩ ልጅ ነኝ። ሳልነግራቸው ጠበቃ ያዝኩ። ፈጠን ፈጠን እያለች የምትናገር ሴት ናት፤ ለምን አለፍሽ አላለችኝም፣ መንገዱ ስንት መስመር አለው አለችኝ። ከዚያ ምርጫዎቼን አስረዳችኝ። ጊልቲ ብዬ ቅጣቱን መቀበል እችላለሁ። ኖ ኮንቴስት ብዬ ጥፋቱን ሳላምን ክርክሩን መተው እችላለሁ፤ ዳኛው ግን ያኔም ሊቀጣኝ ይችላል። ወይም ኖት ጊልቲ፣ አላጠፋሁም ብዬ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር መነጋገር፣ ካልተስማማን መከራከር። ኦሃዮ ውስጥ አራት መስመርና ከዚያ በላይ ባለው መንገድ ላይ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ ሾፌር ለአውቶቡሱ የመቆም ግዴታ የለበትም።

«ታዲያ አላጠፋሁማ!» አልኩ።

«የነገርሽኝ እውነት ከሆነ አላጠፋሽም። ግን መንገዱ ወረድ ብሎ ይጠባል፤ ከሳሾቹ አውቶቡሱ የቆመው እዚያ የጠበበው ጋ ነው ይላሉ። አንቺ ደግሞ ለፖሊሱ ደጋግመሽ ይቅርታ ጠይቀሻል፣ እሱም ጽፎታል። ከእንግዲህ ያቺን ቃል ከአፍሽ እንዳልሰማት።»

ኖት ጊልቲ አልን። ከዐቃቤ ሕጉ ጋር በምንገናኝበት ቀን ጋሼ፣ ጠበቃ መያዜን ሳያውቁ፣ ብቻሽን አትሄጂም ብለው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መኪናቸውን አስነሱ። ኮሪደሩ ላይ ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ በማስክ የተሸፈነ ሰው ሁሉ ዓይን ብቻ ሆኗል፣ ማን እንደሚያዝንና ማን እንደሚቆጣ አይታወቅም። ጠበቃዬ ትምህርት ቤቱ የሰጣትን የአውቶቡሱን የማቆሚያ ቦታ የሚያሳይ ወረቀት ከመንገዱ ፎቶ ጋር አድርጋ ለዐቃቤ ሕጉ ታሳያለች። እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ታዲያ ለምን ይቅርታ ጠየቀች ይላል።

ያኔ ጋሼ ተነሡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። በዚያች በሚያውቋት እንግሊዝኛ፣ ልጅ ናት፣ አዲስ ናት፣ ተሳስታለች፣ ስለ እኔ ብለህ ማራት እያሉ ይለምኑት ጀመር። በእኛ አገር ሽማግሌ እንዲህ ሲቆም ደም ይታረቃል። ዐቃቤ ሕጉ ግን «ተሳስታለች» ማለታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ ፋይሉን አጠፈና ጠበቃዬን «ታዲያ ምን ቀረን?» አላት።

ያሳደሩኝን፣ የመገቡኝን ሰው በፈረንጅ ፊት ላዋርድ ነው? ዝም ብልስ ማን ይናገርልኛል?

«ጋሼ» አልኩ። «እኔ አላጠፋሁም። ይቀመጡ።»

በሕይወቴ ትልቅ ሰው ይቀመጡ ብዬ አዝዤ አላውቅም ነበር። ጋሼ አንድ ጊዜ አዩኝ፣ ከዚያ ተቀመጡ። ጠበቃዬ፣ እኚህ ሰው መኪናው ውስጥ አልነበሩም፣ ያዩት ነገር የለም፣ ፎቶው ላይ እንነጋገር አለች። ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን እንደገና ከፈተ፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ይዟቸው ወደ ቢሮው ገባ። ሲመለስ ክሱን እንደሚያነሳ ለጠበቃዬ ነገራት። ዳኛው ፊት ቀርበን በጥቂት ቃል አለቀ።

መልስ ጉዞው ላይ ጋሼ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቤት ልንደርስ ስንል ቀስ ብለው «አንቺ ልጅ፣ እኔ ድንበር ላይ፣ ካምፕ ውስጥ፣ ያላጠፋሁትን ይቅርታ ባልል ኖሮ ዛሬ እዚህ መሪ አልይዝም ነበር» አሉኝ።

ዛሬም እሁድ እሁድ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም። አላጠፋሁም ለማለት እኔ ጠበቃ ነበረኝ፣ ሕግ ነበረኝ። እሳቸው ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ሲቆሙ ከሚደፉት አንገት በቀር ምን ነበራቸው? ኮሪደሩ ላይ የደፉትም ያንኑ አንገት ነው፤ ለእኔ ሲሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸውን ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።