ሱልጣኑ በሁለት መስመር

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ በተከራየናት ክፍል ለልጆቻችን አማርኛ አስተምራለሁ። ፊደሉን ሲጨርሱ ታሪክ ጀመርኩላቸው፤ እኔ እንደተማርኩት፣ ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ማስገልበጥ ነው። የጥንቱ የይፋት ሱልጣን ሁለት መስመር ደረሰው፦ አመፀ፤ ንጉሡ ወግቶ ገደለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎበዟ ተማሪዬ ቀረች። ቤተሰቦቿ የይፋት ሰዎች ናቸው።

እናቷን ፍለጋ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ሄድኩ። በሩን ከፍታ አስገባችኝ፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

«አሟሟቱን ብቻ ነው እንዴ የምታውቂው፣ እህቴ?» አለችኝ። «ኖሮም ነበር እኮ። ልጄ የአገሯን ሰው እንደ ሽፍታ ስትገለብጥ እንድትውል አልልካትም። ሕይወቱን ስታውቂ ያኔ ጥሪን።»

ተናደድኩ። መኪናዬ ጋ ስደርስ ግን እውነቷን እንደሆነ ገባኝ። ያቺን ልጅ ሳልመልስ ማስተማሬን እንደማልቀጥል ለራሴ ነገርኩት።

ሻኮፒ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ፣ በብሬክ ሰዓቴ ማንበብ ያዝኩ። ሱልጣኑ ሥልጣን የተረከበው ወንድሙ ጦር ሜዳ ላይ ሲሞት ነው። ዓመታት ተዋጋ፤ አሸነፈም፣ ተሸነፈም። ይህን ላስተምር መሆኔን የሰማች አንዲት የቸርች እህት፣ «ልጆቻችንን ድራይቭ አድርገን የምናመጣቸው ለሱልጣን ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ለታሪክ ነው። ካልተመቸሽ አታምጪያቸው» አልኳት። አኮረፈች፤ ታኩርፍ።

ደወልኩላቸው፤ እናትና ልጅ መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ሰሌዳውን ሳልነካ ከወንድሙ ሞት ጀምሬ አወራሁ። ዘይላ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ውኃ አጥቶ፣ ተከቦ እንደተገደለ ተረኩላቸው። የገደለውን ንጉሥ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ቢሆንም አለሳልሼ አላለፍኩትም። የሱልጣኑ ልጆች ባሕር ተሻግረው የመን እንደገቡ፣ ተመልሰውም መንግሥት እንዳቆሙ ነገርኳቸው።

ልጅቷ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ልጅ ሆነሽ ስለሱ ቴስት ወስደሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ስንት አገኘሽ?»

እናቷ እያየችኝ ነበር። መዋሸት አማረኝ።

«ሙሉ» አልኳት። «ሁለቱን መስመር ብቻ ጽፌ።»

እናቷ ልጇን በክንዷ ገፋ አደረገቻት።

«ሂጂ፣ ፊት ተቀመጪ።»