የአሸዋው ምድጃ

ባለፈው ሳምንት የውሃ በርሜል ክዳን ልገዛ ከትንሿ ልጄ ጋር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርጄ ነበር። ልጅቷ ደጅ ላይ የቆመ አሮጌ በርሜል ልትደገፍ ስትል «አትንኪ!» ብዬ ጮህኩ። ሸክም የያዙት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። በርሜሉ ባዶ ነበር፤ ቀዝቃዛ። ባለሱቁ «እትዬ፣ አይናከስም እኮ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን የሚናከስ አውቃለሁ።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቁሜ፣ እዚያው ሰፈር ጋሼ ደሳለኝ የሚባል ብረት ሠራተኛ ዘንድ ተቀጥሬ ነበር። ጋሼ ደሳለኝ መብራት ላልገባበት ገጠር የሚሆን ምድጃ ይሠራል። ትንሹን በርሜል ትልቁ ውስጥ ያስቀምጥና ሙቀት እንዳይወጣ መሃላቸውን በአመድ ይጠቀጥቃል። ትንሹን በአሸዋ ይሞላዋል፤ አሸዋው ውስጥ የምድጃ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ጣሪያ ላይ ካለው ሶላር ጋር ይገናኛል። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ አሸዋውን ታግለዋለች። ሲመሽም ሲነጋም ክዳኑን ከፍቶ፣ ከአሸዋው በላይ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ ድስት መጣድ ነው። አሸዋውንና አመዱን የምነፋው እኔ ነበርኩ። ስተፋ ምራቄ ሳይቀር ግራጫ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከወሎ ቆላ፣ ከአንድ መንደር፣ ሦስት ሰዎች ምድጃውን ሊያዩ መጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎችና እትዬ ዘይነባ የሚባሉ ሴት። እሳቸውን ያመጧቸው የሚያበስል ሰው ይየው ተብሎ ነው። ጋሼ ደሳለኝ በጠዋቱ «ዛሬ ካልገዙ አንቺም ነገ አትምጪ» ብሎኛል። ከቤታችን የሚሠራ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ድንች ልጬ፣ ውሃ ቀድቼ አዘጋጅቻለሁ። የቀረኝ ድስቱን ጥዶ ማሳየት ብቻ ነበር። ክዳኑን ከፈትኩ። እትዬ ዘይነባ ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ።

«ጭስ የለው፣ ፍም የለው! ልጄ፣ ይህ በምኑ ያበስላል? የገጠር ሰው ናቸው ብላችሁ አሸዋ ልትሸጡልን?»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። አጠገባችን በርሜል የሚቀጠቅጡት መዶሻቸውን አቆሙ። «እውነታቸውን ነው! እንቁላል እንኳ አያሞቅም!» አለ አንዱ። ጋሼ ደሳለኝ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

እትዬ ዘይነባ እሳትን የሚያውቁት በጭሱና በቅላቱ ነው። ይህ ግን አይቀላም፣ አያጨስም። እኔ አውቀው ነበር፤ አንድ ቀን ጫፉ ነክቶኝ የጣቴ ቆዳ ተልጧል። እያወቅሁ ነው ያልኩት፦

«እንግዲያው ምን ያስፈራሻል? እጅሽን ጣል አድርጊበታ!»

እናቴን የሚያክሉትን ሴት አንቺ አልኳቸው።

እሳቸውም እየሳቁ መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ።

ድምፁን አልጽፈውም። ሽታው ከጎን ከሚጠበሰው ፓስቲ ሽታ ጋር ተቀላቀለ፤ እስከ ዛሬ ፓስቲ አልበላም።

ከቀጥቃጮቹ አንዱ ሮጦ የጥርስ ሳሙና አምጥቶ ቀባቸው። «ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» ያለ ሰው የለም። ጋሼ ደሳለኝ የተቃጠለውን እጅ አንጓው ላይ ይዞ ለሽማግሌዎቹ ከፍ አደረገው።

«አያችሁ? የትናንት ፀሐይ ነው ይኼ! ዛሬ ገና ከሶላሩ አላገናኘነውም!»

ሽማግሌዎቹ እጁን አዩ፤ በርሜሉን አዩ። አሥር እንዲሠራላቸው ተስማሙ። ቀጥቃጮቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ደሳለኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንቺማ ገበያ ታውቂያለሽ፤ ነገ በጠዋት ነይ» አለኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ድንቹን ጣድኩት፤ በሰለ፤ ሽማግሌዎቹ በሚጥሚጣ በሉት።

እትዬ ዘይነባ የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን እፍ እፍ ይሉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ ሳላምንሽ ቀርቼ» አሉኝ።

«ችግር የለም» አልኳቸው።

ልጆቼ ፈሪ ነሽ ይሉኛል። ከምድጃ፣ ከካውያ፣ ከሶኬት አርቄ ነው ያሳደግኳቸው። በደነገጥኩ ቁጥር የአንዲት ሴት እጅ መርካቶ ውስጥ እንዴት እንደተቃጠለ እነግራቸዋለሁ። ቆዳው እንዴት እንደሆነ ሳይቀር እተርክላቸዋለሁ፤ ፈርተው እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሴትዮዋን ማን «ንኪ» እንዳላቸው ግን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም። ባለፈው ሳምንትም ለትንሿ ያንኑ ነገርኳት፤ ያንኑ አጉድዬ። ጋሼ ደሳለኝ በዚያ እጅ በርሜል ሸጦበታል፤ እኔ ደግሞ ልጆች አሳድጌበታለሁ።