ማንም ያልፈለገው የጣሊያን ዙፋን

ዛሬ ከሥራ ስገባ ልጄን በፎይል የተጠቀለለ የካርቶን ዘውድ ደፍታ ሶፋው ላይ ተኮፍሳ አገኘኋት።

"ዳድ፣ አይ አም ዘ ኪንግ ኦፍ ኢታሊ" አለችኝ። የትምህርት ቤት ፕሮጀክት ነው።

"የትኛው ንጉሥ?" አልኳት። ግራ ገባት። የጣሊያን ነገሥታት ብዙ መሆናቸውን በትምህርታቸው ገና አልደረሱበትም መሰለኝ።

እኔ ግን በሐሳብ ኮምቦልቻ፣ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ።

የታሪክ መምህራችን ሰሌዳው ፊት አንድ ወንበር አስቀምጠው የጣሊያን ነገሥታት ያደርጉን ነበር። ዘውዱ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። መጀመሪያ ከጥንት ወራሪዎች ጎቶች ተቀመጡ፤ እነሱ ሲነሡ ሎምባርዶች ተተኩ። እኔ ሎምባርዶችን ድል የነሳው ንጉሥ ሻርለማኝ ሆኜ ሎምባርዱን ገፍትሬ ተቀመጥኩ።

ናፖሊዮን ዘሃራ ነበረች። መምህሩ ዘውዱን ሊደፉላት ሲሉ ከእጃቸው ነጥቃ ራሷ ደፋችው። "እሱም እንዲሁ ነው ያደረገው" ብለው ሳቁ።

በመጨረሻ የመጨረሻዎቹ ነገሥታት የወጡበት የሳቮይ ቤት ተራ ደረሰ። ጣሊያኖች አገራችንን የወረሩት በነሱ ዘመን ስለሆነ ማንም አልቀመጥም አለ። ወንበሩ ባዶ ቀረ።

መምህራችን ሄደው ራሳቸው ተቀመጡ።

"ጣሊያኖች ንጉሣቸውን ያወረዱት በሕዝብ ድምፅ ነው። በሉ፣ እናንተም አውርዱኝ።"

ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እሳቸውም ዘውዱን አውልቀው፣ ጠመኔያቸውን አንስተው ማስተማራቸውን ቀጠሉ።

እዚህ ሚኒሶታ ለምርጫ በተሰለፍኩ ቁጥር መምህራችን ትዝ ይሉኛል። ያ ቀን ቢመለስ ግን እንደሳቸው ያለ መምህር ከወንበሩ እንዲወርድ እጄን አላወጣም።

እናንተስ ክፍል ውስጥ ማንን ሆናችሁ ታውቃላችሁ?