ከባህሩ ሥር የነበረው ጓሮ

የወደብ ሰው ታላቅ እህቴን «ጭቃዋ» ይላታል። ስድብ አይደለም። ከጉዞ ስትመለስ ጫማዋም፣ እጅጌዋም፣ አንዳንዴ ጆሮዋ ሥር ሳይቀር ግራጫ ዝቃጭ ተለቅልቃ ከመርከብ ስለምትወርድ ነው። ሥራዋ ጥልቅ ባህርን ማጥናት ነበር፤ ፀሐይ በማትደርስበት ወለል ላይ ምን እንደሚኖር፣ ምን በልቶ እንደሚያድር፣ የአየሩ መሞቅ እዚያ ድረስ ዘልቆ ምን እንደሚያደርግ። እኔ የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነኝ። እሷ በምትሠራበት የምርምር ተቋም ከባህር ወለል የወጣ ጭቃ በረጃጅም ቱቦ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ነበር፤ የዚያን ክፍል ሞተር የምጠብቀው እኔ ነኝ። እናታችን «አንዷ ጭቃ ታወጣለች፣ አንዱ ጭቃ ያቀዘቅዛል፤ ምን ዓይነት ልጆች ወለድኩ» እያለች ጎረቤት ታስቅብን ነበር።

ከልጅነቷም እንዲያው ነበረች። አባታችን የዓሣ መዛኝ ስለነበር ዓሣ ከቤታችን አይጠፋም፤ እሷ ግን ሥጋው ላይ ዓይኗን አትጥልም፤ ሆዱን ቀድዳ ምን እንደዋጠ ታያለች። «ተይ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላታል አባቴ። የሚሰማው ማን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የምትል ሰው ነበረች።

የመጀመሪያ ጉዞዋን የሄደችው ከአስተማሪዋ ጋር ነው። ካሜራ በረጅም ገመድ አስረው ሲያወርዱ፣ ካርታው ጭቃ ብቻ ነው በሚለው ቦታ ላይ ነጭና ብርቱካናማ ኮራል እንደ ጫካ ቆሞ አገኙ። ያን ሰሞን ራት እየበላን በእጇ እየሣለች ታወራልን ነበር፤ ቅጠል የሌለው ጫካ፣ በቅርንጫፎቹ መካከል ሰፍነግ፣ ቀያይ ሸርጣን፣ ብርሃን ምን እንደሆነ የማያውቅ ዓሣ። አንዳንዱ ኮራል ከቅድመ አያቶቻችንም በፊት የበቀለ ነው ስትለን አባቴ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አስተማሪዋ ቦታውን «ጓሮው» አሉት፤ ስሙ በዚያው ጸና።

እሳቸው ሲያርፉ ጓሮው በእሷ ላይ ወደቀ። በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሰች ትለካዋለች። ባሏ ይህን ኑሮ አልቻለውም፤ ያለ ጠብ ተለያዩ። ልጇን ያሳደግናት እናቴና እኔ ነን። ልጅቱ ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰብሽ ተናገሪ ስትባል፣ «እናቴ ሌሎች ልጆች አሏት፣ ባህር ሥር ነው የሚኖሩት» ብላ መምህሯን አስደንግጣለች። እኛ ሳቅን። እህቴ አልሳቀችም።

ነገሩን አንድ ቀን ሞተር ስፈታ አጠገቤ ቆማ አስረዳችኝ። የታችኞቹ ፍጥረታት የሚኖሩት ከላይ በሚወርድላቸው ፍርፋሪ ነው፤ ላይ የሞተው፣ የበሰበሰው፣ የተራገፈው ሁሉ ቀስ እያለ ይዘንብላቸዋል። የሚተነፍሱትንም የሚያገኙት ከላይ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከባድ ስለሆነ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ኦክስጅን ይዞላቸው ይወርዳል። ላዩ ሲሞቅ ግን ውሃው ይቀልና እንደ ዘይት ከላይ ይተኛል። ፍርፋሪውም ያንሳል፣ አየሩም ይቀራል።

«እና ምን ያደርጋሉ?» አልኳት።

«ምን ያድርጉ። ኮራል እግር የለው፣ አይሰደድ።»

ከጉዞ ወደ ጉዞ ወሬዋ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ ሸርጣኖቹ ሳሱ። ቀጥሎ ዓሦቹ ጠፉ። ራት ላይ በእጅ መሣሉ ቀረ፤ ስንጠይቃት «ደህና ነው» ብላ ሳህኗን ታነሳለች።

በመጨረሻው ጉዞ እኔም አብሬ ሄድኩ። የመርከቡ ማቀዝቀዣ አርጅቶ ስለሚያስቸግር፣ ጭቃው እንዳይበላሽ ሰው ያስፈልግ ነበር። ባህሩ ረጋ ያለ፣ ፀሐዩ ደስ የሚል ቀን ነበር። ካሜራው ሲወርድ እሷ፣ ካፒቴኑና እኔ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ስክሪኑ ፊት ተደርድረን ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ጥቁር ብቻ ነበር። ከዚያ ወለሉ መጣ።

ኮራሉ አለ፤ ግን እንደ ተቃጠለ ጫካ ነው። ቅርንጫፎቹ ግራጫ ሆነው፣ ግማሹ ተሰባብሮ ወድቆ፣ በላዩ ነጭ ልጋግ የመሰለ ነገር ተጋድሞበታል። የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገና ምናልባት ገመዱ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ወርደን ይሆናል አለ። ከልቡ እንዳልሆነ ያስታውቃል፤ ለእሷ አዝኖ ነው። እሷም እሺ አለችውና ካሜራውን ወደ ጎን አስጎተተች። ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዋ ለምልክት ብለው በመጀመሪያው ጉዞ የጣሉት ብረት ታየ። ጓሮው ያ ነው።

ሲያለቅሱ ያየኋቸው ሴቶች አሉ፤ እህቴ እንደዚያ አላደረገችም። ጀርባዋ ብቻ ቀስ ብሎ ጎበጠ። ካፒቴኑ ካሜራውን ላውጣው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አይ» አለች። «እስከ ዳር ድረስ ይቀረጽ። የሚያምረውን ብቻ ቀርጾ መመለስ አይሆንም።»

ዳር እስከ ዳር ቀረጽነው። አንድ ሕይወት ያለው ቅርንጫፍ አላገኘንም።

ከተመለስን በኋላ ውጤቱን ለበላይ መሥሪያ ቤት አቀረበች። አዳራሹ ውስጥ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ አዳምጦ ሲጨርስ፣ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ መጨረሻው ላይ የሚያጽናና ነገር ቢጨመርበት ምን ይመስልዎታል ብሎ በትሕትና ጠየቃት። ቦታው እንዲያገግም ምን ይደረግ የሚል አንድ አንቀጽ።

«ለዚያ ቦታ የሚደረግ የለም» አለችው። «ዛሬ ጭሱን ሁሉ ብናቆም እንኳ ሙቀቱ ወርዶ ገብቷል። እኔም ልጄም የልጅ ልጄም አልፈን አይወጣም። ሌላ ቦታ ይተርፍ ይሆናል፤ ጓሮው ግን የለም። የሌለውን አለ ብዬ አልጽፍም።»

ኃላፊው አመስግኗት አሰናበታት። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ጥናቱ አልተከለከለም፤ ዝም ብሎ ደረቀ። መርከቡ ለዕቃ ማመላለሻ ተሰጠ።

በዚያው ሰሞን አድጋ ከቤት የወጣችው ልጇ ልትጠይቃት መጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለእኛ የነገረችን ያን ዕለት ነው። እናቴ እልል ልትል ስትቃጣ እህቴ ብድግ ብላ ልጇን አቀፈች፣ ሳመች፣ እንደገና አቀፈች። ስንረጋጋ ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እማ፣ ይሄ ልጅ ሲያድግ ነገሩ እንዴት ይሆናል፣ አለቻት። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

እህቴ ሳቅ ብላ፣ ሰው ብልህ ነው መላ አያጣም፣ ባህሩም ሰፊ ነው፣ አንቺ ብቻ ምግብሽን በደንብ ብዪ፣ አለች። ጥሩ አድርጋ ነበር የተናገረችው። እኔ ራሴ ልቤን ትንሽ ቀለል አለው።

ልጅቱ ግን ዓይኗን ከእሷ ላይ አልነቀለችም። «ለኃላፊዎቹ ያልዋሸሽውን ለእኔ ለምን ትዋሺኛለሽ?»

እህቴ የልጇን እጅ ይዛ ጣቶቿን አንድ በአንድ ስትዳብስ ቆየች።

«እነሱ ልጆቼ አይደሉማ» አለች።

ከዚህ ሌላ ስለዚያ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ቀዝቃዛው ክፍል ለሌላ ሥራ ይፈለጋል ተባለና እንዲለቀቅ ታዘዘ። ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ስንት ዓመት እንዳይጠፋ ስታገል የኖርኩትን። ቱቦዎቹን የሚረከብ ሌላ ተቋም ስታፈላልግ ቆይታ አላገኘችም። ጭቃው ሲቀልጥ ከግቢው ጀርባ አፈሰስነው። መምጣት አልነበረባትም፤ መጣች። ቱቦ እያቀበለችኝ እየደፋሁ፣ ይህኛው ከየት እንደወጣ፣ ያኛው በየትኛው ጉዞ እንደመጣ ትነግረኛለች። እኩሌታው ላይ ስንደርስ መናገሩን ተወችው። ዕድሜ ልክ ልፋቷን ውሃ በላው ይላሉ ሰዎች። ለነገሩ በዚያ ሳምንት ዘንቦ ጭቃውን እውነትም ውሃ ወሰደው።

የልጅ ልጇ ተወልዶ ዳዴ ይላል። እሷ አሁን ሰፈራችን ያለ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። መጽሐፉ ድሮ የታተመ ነው፤ ስለ ጥልቅ ባህር አንድ ገጽ አለው፣ የኮራል ሥዕልም አለበት። በቀደም የተሰበረ መስኮት ልጠግን ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሰማኋት። መጽሐፉ «በእነዚህ ቅርንጫፎች መካከል ብዙ ፍጥረታት ይኖራሉ» ይላል። እሷ «ይኖሩ ነበር» ብላ ታነባለች፤ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ወደ ቀጣዩ መስመር እያለፈች። ተማሪዎቹ ይጽፋሉ። ለምን እንዲህ አሉ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።